የጎንደር ሠዓሊና የሮም እንጨት

ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ኦሪየንታል 510» በሚል ቁጥር የተመዘገበ የግእዝ አራቱ ወንጌል አለ። ብራናውም ፊደሉም የእኛ ነው። የቅዱሳኑ ሰፋፊ ዓይኖች፣ የተለቀለቀው ቀይና ቢጫ፣ የልብሱ ትይዩ መስመሮች የጎንደር እጅ መሆኑን ይመሰክራሉ። የተጻፈው በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት፣ በ1664–65 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉን እየገለጠ ለሚመለከት ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይነሣበታል። ከዚያ በፊት በነበሩት የኢትዮጵያ ወንጌሎች ሥዕሎቹ በአብዛኛው ከመጽሐፉ መጀመሪያ ይሰበሰቡ ነበር። ስቅለቱ፣ ትንሣኤውና ዕርገቱ በትልልቁ ይሣላሉ፤ ከዚያ በኋላ በየወንጌሉ መግቢያ ካለው የወንጌላዊው መልክ በቀር ጽሑፉ ብቻውን ይቀጥላል። በዚህኛው መጽሐፍ ግን ሥዕሉ ወንጌሉን እግር በእግር ይከተላል። ተአምሩ በተነበበ ቁጥር ተአምሩ ይታያል፤ ምሳሌው በተነገረ ቁጥር ምሳሌው ይሣላል። በአንድ ትውልድ ውስጥ ይህን ያህል አዲስ ትዕይንት ከየት መጣ?

መጽሐፉ በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ለንደን ገባ። ዊልያም ራይት በ1877 ባሳተመው የግእዝ ብራናዎች ካታሎግ ውስጥም ሰፈረ። የሥዕሎቹን ምንጭ በዝርዝር ያወጡት ግን የምሥራቅ ክርስቲያኖችን የብራና ሥዕል ሲያጠኑ የኖሩት ፈረንሳዊው ዡል ለርዋ ናቸው። ጥናታቸው በ1961 «አናል ዴቲዮፒ» በተባለው መጽሔት ላይ ታተመ።

የለርዋ መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። አንድ ሥዕል ከሌላ ቢመሳሰል ነገሩ ገና ማስረጃ አይሆንም፤ ጌታን በጀልባ፣ አልዓዛርን በመቃብር አፍ የማይሥል ክርስቲያን ሕዝብ የለምና። የሚያሳምነው የመደዳው መግጠም ነው። የትኛው ታሪክ ተመርጦ ተሣለ? የትኛውስ ተዘለለ? ሰዎቹ በየትኛው ወገን ቆሙ? እጅ ወዴት ተዘረጋ? ይህ ሁሉ ከገጽ ወደ ገጽ እየገጠመ ሲሄድ አጋጣሚ መሆኑ ይቀራል። ለርዋ የጎንደሩን ወንጌል ጎን ለጎን ያስተያዩት ሮም ውስጥ በ1590 እና በ1591 ከታተመ የዐረብኛ ወንጌል ጋር ነበር። መደዳው ገጠመ። በፋሲል ዘመን የኖረው ሠዓሊ ፊት ለፊቱ የነበረው በእንጨት ቅርጽ የታተመ መጽሐፍ ነበር።

ያ መጽሐፍ የራሱ ታሪክ አለው። ካርዲናል ፈርዲናንዶ ደ ሜዲቺ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ድጋፍ በ1584 ሮም ላይ የምሥራቅ ቋንቋዎች ማተሚያ ቤት አቋቋመ። ሥራውን የመራው የሒሳብና የቋንቋ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ራይሞንዲ ነበር። የዐረብኛውን ፊደል የቀረጸው ፈረንሳዊው ሮበር ግራንዦን ሲሆን ያ ፊደል እስከ ዛሬ በውበቱ ይደነቃል። ሥዕሎቹን አንቶኒዮ ቴምፔስታ ነደፈ፤ ሊዮናርዶ ፓራሶሌ በእንጨት ላይ ቀረጸ። በመጽሐፉ ውስጥ 149 ሥዕሎች አሉ። የተቀረጹት እንጨቶች ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳሉ፤ አንዱ ታሪክ በማቴዎስም በሉቃስም ሲገኝ ያው እንጨት ተመልሶ ይታተም ነበርና።

ሥራው እንዲህ ነው። ነዳፊው ሥዕሉን በለሰለሰ ጣውላ ላይ በቀለም ይሥላል። ቀራጩ መስመሩን ሳይነካ በመስመሮቹ መካከል ያለውን እንጨት በስለት እየፈለፈለ ያወጣል። በመጨረሻ የሚቀረው ከፍ ብሎ የቆመው መስመር ብቻ ነው። እርሱ ቀለም ይቀባና በወረቀት ላይ ይጫናል፤ አሠራሩ እንደ ማኅተም ነው። መዳብ ላይ የሚቀረጽ ሥዕል ቀለሙን የሚይዘው በጎደጎደው መስመር ውስጥ ስለሆነ ሌላ ዓይነት መጭመቂያ ያስፈልገዋል። የእንጨቱ መስመር ግን እንደ ኅትመት ፊደል ከፍ ያለ በመሆኑ ከፊደሉ ጋር በአንድ ገጽ ተደርድሮ በአንድ ጊዜ ይታተማል። ሮም ውስጥ ሥዕልና የዐረብኛ ጽሑፍ በአንድ ገጽ የተገናኙት በዚህ ብልሃት ነው። የሚወጣው ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ጥላው በተደራረቡ ቀጫጭን ጭረቶች ይነገራል፤ ቀለም የለም።

መጽሐፉ የታሰበው ዐረብኛ ለሚያነቡ የምሥራቅ ክርስቲያኖች ነበር። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ 3ኛም በ1588 የአውሮፓ ነጋዴዎች የታተሙ የዐረብኛ መጻሕፍትን በግዛቱ እንዲሸጡ ፈቅዶ ነበር። ገበያው ግን እንደታሰበው አልሆነም። ከወንጌሉ ብዙ ቅጂዎች ሳይሸጡ በጣልያን መጋዘን ተቀመጡ፤ የተረፉት በ1619 እና በ1774 እንደ አዲስ ለሽያጭ ወጡ። የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ሰዎች ያሰቡትን ያህል አንባቢ ሳያገኙ፣ ያላሰቡት ሠዓሊ ጎንደር ላይ መጽሐፋቸውን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

እንዴት ደረሰው? ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በኦቶማኖች እጅ ነበረች። የዐረብኛ መጻሕፍት በሚዘዋወሩበት ግዛት ጫፍ ላይ ያለችው ይህች ወደብ የጎንደር ዋና የባሕር በር ነበረች። ከምጽዋ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ በአድዋ በኩል ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን ቀጥ ያለ አቀበት ወጥቶ ደባርቅ ደጋ ላይ ይወጣና በዳባት አድርጎ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በሊማሊሞ ነው። አሞሌው፣ ሐሩ፣ ዕጣኑ፣ ከግብጽ የሚመጣው ጳጳስና ጓዙ ይህን ዳገት ያውቁታል። የዐረብኛው ወንጌልም በነጋዴ ስልቻ ወይም በጳጳስ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ወጥቶት ከሆነ የሚያስገርም አይደለም። ዛሬ ደባርቅን የምናውቃት በጭላዳ ዝንጀሮና በዋልያ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ በር ነው። የጎንደር ሥልጣኔ ከውጭው ዓለም ጋር የሚተነፍስባት ጉሮሮ እንደነበረችም ብናስታውስ ይገባታል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይጠነክራል። ዐፄ ፋሲል የካቶሊክ ሚስዮናውያንን ወደ ኢትዮጵያ አላስገባም ያሉ ንጉሥ ናቸው። የአባታቸው የዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖት ለውጥ አገሩን በደም ካጠበው በኋላ ኢየሱሳውያኑን በ1633 አስወጡ፤ በቀይ ባሕር ዳርቻ ካሉት ፓሻዎችም ጋር ሚስዮናውያን እንዳይገቡ ተስማሙ። ታዲያ በእሳቸው ዘመን፣ በእሳቸው ከተማ፣ ከራሷ ከሮም የወጣ መጽሐፍ እንዴት የወንጌል ሥዕል ምንጭ ሆነ? እኔ እንደምገምተው ከምክንያቶቹ አንዱ ቋንቋው ነው። ዐረብኛ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የባዕድ ሚስዮናዊ ቋንቋ አልነበረም። የእስክንድርያ ጳጳሳት የሚናገሩት ቋንቋ ነው፤ ፍትሐ ነገሥትና ሌሎች ብዙ የግእዝ መጻሕፍትም ከእርሱ የተተረጎሙ ናቸው። በዐረብኛ የተጻፈ ወንጌል ለጎንደር ካህን ከግብጽ እንደመጣ ወንድም ሊታየው ይችላል። ሥዕሉም ከሃይማኖት ክርክር በላይ ቆሞ ሁሉም የሚያውቀውን የጌታን ሥራ ይናገር ነበር።

ዋናው ነገር ግን ሠዓሊው በመጽሐፉ ያደረገው ነው። ቴምፔስታ ሮም ውስጥ የሚሠራ ሠዓሊ ነበር። ሥዕሎቹ በጥላ የተሞሉ፣ ሰውነቱ በጡንቻ የተወጠረ፣ ከኋላ ሕንፃና ተራራ እየራቀ የሚሄድ ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ ጭረቱን አስወገደ፤ ጥላውን ጣለ። በምትኩ የጠራ ቀለም አለበሰው፤ ከኋላ ያለውንም በሰፋፊ የቀለም ሜዳ ተካው። ፊቶቹ ወደ ተመልካቹ ዞሩ፤ ዓይኖቹ ሰፉ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው ግን በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ይህ ሕግ በሮም እንጨት ላይ አልነበረም። ሠዓሊው ከሮም የወሰደው የትዕይንቱን አቀማመጥ ነው፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚሆን። የሥዕሉን መንፈስ፣ ተመልካቹ በፊቱ ቆሞ እንዴት እንደሚጸልይ፣ ከራሱ አመጣ። አንድን መጽሐፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን በራሱ ቋንቋ የሚተርክ ሊቅ ያደረገውን እርሱ በቀለም አደረገው።

የጎንደሩ ወንጌል እስከ ቴዎድሮስ ዘመን በአገሩ ኖረ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ መጻሕፍትን አሰባስበው ነበር። በሚያዝያ 1868 አምባው ሲወድቅ የተዘረፈው ሁሉ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ወርዶ በጨረታ ተሸጠ። 350 ያህል ብራናዎች በመጨረሻ በብሪቲሽ ሙዚየም እጅ ገቡ፤ ዛሬ የሚገኙት በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከእነርሱ ውስጥ ሌላ አንድ የጎንደር ሥራ አለ፤ «ኦሪየንታል 533»፣ በሥዕል ያሸበረቀ ራእየ ዮሐንስ። አቡቀለምሲስን እንዲህ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል መተረክ በኢትዮጵያ ብርቅ ነው። ሮቢን ማክዩዋን በ2006 ባሳተሙት ጥናት የዚህን መጽሐፍ ሥዕሎች ሲመረምሩ የሚታወቁት ስብስቦች ሁለት ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። አንዱ የለንደኑ ነው። ሁለተኛው ከደባርቅ ተራሮች ባሻገር በደረስጌ ማርያም ይገኛል።

ደረስጌ በጃናሞራ፣ በመካነ ብርሃን አቅራቢያ ናት። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በጨነቅ አድርጎ የቧሂትን ትከሻ ከ4,000 ሜትር በላይ ተሻግሮ የሚወርደው መንገድ ወደ እርሷ አገር ያደርሳል። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በሥራው ላይ በአገሩ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ተሳትፏል፤ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደርም በውቤ ዘንድ ያገለግል ነበር። ውቤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ንግሥናቸውን ሊቀቡ አስበው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃዝማች ካሣ ድል ሆኑ። አቡነ ሰላማም ካሣን በዚያው፣ ውቤ ለራሳቸው ባዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ብለው ቀቡ። ዶሮቴያ ማክዩዋን የዚህን ቦታ ታሪክ፣ ሕንፃና ንብረት በ2013 በመጽሐፍ አሳትመዋል።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት የአቡቀለምሲስ መጻሕፍት ነበሩ። አንዱ ቴዎድሮስ በሞቱበት አምባ ተገኝቶ ባሕር ተሻገረ። ሌላው ቴዎድሮስ በነገሡበት ደብር ቀረ። ሮቢን ማክዩዋን የሥዕሎቹን ዘር ሲከተሉ የደረሱትም ወደ አውሮፓ ኅትመት ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ የአቡቀለምሲስ ኅትመቶች የሚጠሩት አባት ደግሞ አልብሬኽት ዱረር ነው። ዱረር በ1498 የዮሐንስን ራእይ በ15 ታላላቅ የእንጨት ቅርጾች አሳተመ። ሉቃስ ክራናኽ በ1522 ለሉተር የጀርመንኛ አዲስ ኪዳን የሠራቸው የራእይ ሥዕሎችም ከእርሱ የተቀዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ አራቱ ፈረሰኞች፣ ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ፣ የቅዱስ ሚካኤል ጦርነት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀዱ ዓለምን ዞሩ። የጎንደር ሠዓሊዎችም ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ናቸው።

ከባሕር ማዶ የመጣን ኅትመት የራስ ማድረግ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ እንዳይመስለን ወደ ጃፓን እንሻገር። ጃፓኖች የሚወዱት አንድ ተዋጊ መነኩሴ አለ፤ ቤንኬይ ይባላል። በ12ኛው መቶ ዘመን ኖረ ይሉታል። በአፈ ታሪኩ መሠረት በኪዮቶ ድልድይ ላይ ቆሞ ያለፈውን ተዋጊ ሁሉ እየገጠመ 999 ሰይፍ ሰበሰበ። አንድ ሺሕ ሊሞላ ሲል ወጣቱ ዮሺትሱኔ አሸነፈው። መነኩሴው የዚያ ወጣት ታማኝ አሽከር ሆነ፤ በ1189 ጌታውን ሲከላከል በፍላጻ ተወግቶ እንደቆመ ሞተ ይላሉ። የእኛ መነኮሳት ሰይፍ አያነሡም፤ በገድላችን ውስጥ በፈረስ ላይ ጦር የሚሰብቁት እነ ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ ናቸው። ነገር ግን ሕዝብ የሚወደውን ቅዱስና ጀግና በየቤቱ ማየት መፈለጉ እዚያም እዚህም አንድ ነው። ጃፓኖች ቤንኬይን የሚያዩት በእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነበር። ከ1765 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱን እንጨት እየቀረጹ በአንድ ወረቀት ላይ ደራርበው ያትሙ ነበር፤ ዋጋውም ለከተማው ነዋሪ የሚደረስበት ነበር።

ቤንኬይን ደጋግመው ከሣሉት ውስጥ ስመ ጥር የሆነው ኡታጋዋ ኩኒዮሺ (1798–1861) ነው። ኩኒዮሺ የአውሮፓ ኅትመቶችን ይሰበስብ ነበር። የብርሃንና የጥላ አሣሣላቸውን፣ የርቀት አሳያየታቸውን እየወሰደ የጃፓን ተዋጊዎችን አለበሰባቸው። በእነዚያ ሥዕሎች ፊት የቆመ ማንም ሰው ግን «ይህ የአውሮፓ ሥራ ነው» አይልም፤ ከጃፓን ውጭ ሊወለዱ አይችሉምና። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በ1887 ቪንሰንት ቫን ጎግ የሌላውን ጃፓናዊ የሂሮሺጌን ሁለት የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች በፓሪስ በዘይት ቀለም ቀዳ፤ አንዱ የሚያብብ የፕለም ዛፍ፣ አንዱ በዝናብ የተመታ ድልድይ ነበር። ዓለም ይህን የሚጠቅሰው የቫን ጎግን ዓይን ስፋት ለመመስከር ነው።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ ከቫን ጎግ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ያንኑ አድርጓል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን ፊቱ አስቀምጦ፣ ጥቁርና ነጩን በአገሩ ቀለም፣ የሮምን ሰው በአገሩ ፊት አድርጎ እንደገና ወለደው። ስለ እርሱ ሲወራ ግን «የውጭ ተጽዕኖ» የሚል አንድ ሐረግ ይቀድማል፤ ምንጩ ሲገኝ የሠዓሊው ዋጋ የወረደ ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ምንጩን ካላወቅን ሠዓሊው ምን እንደመረጠ፣ ምን እንደጣለ፣ ምን እንደጨመረ ማየት አንችልም። የለርዋ ግኝት ለሠዓሊው የሠራለት ይህን ነው፤ እጁን ከምንጩ ለይተን እንድናይ አስቻለን።

እንዲህ ያለ ንባብ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ልማድ እንደነበረም ሌላ ምስክር አለ። በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ከ1569 በኋላ በኢየሱሳውያን እጅ ተቀድታ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ጃፓንም ሄደች። ወደ ኢትዮጵያም መጣች። ጃፓን በ1614 ክርስትናን ከለከለች፤ ኢትዮጵያ በ1633 ኢየሱሳውያኑን አስወጣች። ሥዕሏ ግን እዚህ ቀረች። ሁለት እጆቿን አስተላልፋ ልጇን የያዘችው ያቺ ሥዕለ ማርያም በየደብሩ እየተሣለች የእኛው ሆነች። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን ካደራጁት አንዱ የሆኑት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ይህን ጉዞ ደብር በደብር፣ ሥዕል በሥዕል ተከታትለው ጽፈዋል። አመጪው ቢባረርም ሕዝቡ የወደደውን አስቀረ።

ለዚህ ነው ደረስጌ የምታሳስበኝ። ለንደን ያለው የአቡቀለምሲስ መጽሐፍ ለተመራማሪ ክፍት ነው፤ በካታሎግ አለ፤ ፎቶው ይገኛል። ጥንዱ ግን በአገሩ፣ በደብሩ ዕቃ ቤት፣ በሚያነቡትና በሚጠብቁት ካህናት እጅ ይገኛል። ይህ ለሰሜን ሕዝብ ትልቅ ክብር ነው፤ ክብሩ ግን ሥራም ይጠይቃል። መጽሐፉ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ካህናቱ ባለቤት ሆነው፣ በጥራት ፎቶ ሊነሣ ይገባል። ቅጂው ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለአገሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች፣ ለደባርቅና ለዳባት ትምህርት ቤቶች ሊደርስ ይገባል። ከለንደኑ ጋር ገጽ ለገጽ የሚያስተያዩት የአማርኛና የግእዝ አንባቢዎች እንዲሆኑ እመኛለሁ፤ ከሥዕሉ በላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የቅዱሳኑን ስም፣ የአለባበሱን ደረጃ፣ የቅዳሴውን ቦታ አብረው ያነባሉና። ለርዋ ሮምን ከጎንደር ጋር አስተያይተው ግማሹን ነገሩን። ሌላው ግማሽ፣ ሠዓሊው ለምን ያን መረጠ የሚለው፣ መልሱ ያለው በእኛ ትምህርት ውስጥ ነው፤ የሚመልሱትም ከእኛው መካከል የሚወጡ ልጆች ናቸው።